የባቡሩ ዋይፋይ ሙሉ ሲግናል እያሳየ ለምን አይሠራም?

ጥያቄ፦ «ሥራ ለመሄድ በየቀኑ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሰዓት ያህል በባቡር እጓዛለሁ። ባቡሩ ነፃ ዋይፋይ አለው፤ ስልኬ ላይ ምልክቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ግን አንድ ገጽ ለመክፈት ደቂቃ ይፈጅበታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይከፍትም። ችግሩ ከስልኬ ነው ወይስ ከባቡሩ? የራሴን ዳታ ብጠቀም ይሻላል? በመንገድ ላይ የቪዲዮ ስብሰባ መግባትስ ይቻላል?»

መልስ፦ ችግሩ ከስልክዎ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከዋይፋዩም አይደለም። ስልክዎ ላይ የሚያዩት ምልክት የሚለካው ከእርስዎ እስከ ፉርጎው ኮርኒስ ያለችውን ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ ደህና ናት። ኢንተርኔቱ የሚታነቀው ከዚያ ወዲያ፣ በባቡሩ ጣሪያና በመንገዱ ዳርቻ ባሉት የሞባይል ታወሮች መካከል ነው። ያን ክፍል ስልክዎ የሚያይበት መንገድ የለውም። ሥራዬ የባቡር ኔትወርክ መለካትና ማስተካከል ስለሆነ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

መንገዱን ከስልክዎ ተነስተን እንከተለው። የላኩት ነገር መጀመሪያ ኮርኒሱ ውስጥ ወዳለው የዋይፋይ ማሠራጫ ይሄዳል። ከዚያ ከፉርጎ ፉርጎ በተዘረጋ ኬብል አልፎ ዋናው ራውተር ጋ ይደርሳል። ይህ ራውተር ቤት ውስጥ እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም። ውስጡ በርካታ ሞደሞች አሉት፤ እያንዳንዱ ሞደም የራሱን ሲም ካርድ ይይዛል፤ ሲሞቹም ብዙውን ጊዜ የተለያዩ የቴሌኮም ድርጅቶች ናቸው። ሞደሞቹ ጣሪያው ላይ በተገጠመው አንቴና አማካይነት በየመንገዱ ከሚያገኟቸው ታወሮች ጋር ይነጋገራሉ። እንግዲህ የባቡሩ ዋይፋይ ማለት አንድ ትልቅ ስልክ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለተሳፋሪው ሁሉ ሆትስፖት ከፈተ እንደማለት ነው። ከታወሩ የሚመጣ ነገር ከሌለ የሚያካፍለውም የለውም። ምልክቱ ግን ሙሉ እንደሆነ ይቆያል።

ክፍፍሉን በቁጥር እንየው። በሥራ መግቢያ ሰዓት 800 ሰው የጫነ ባቡር ያስቡ። ግማሹ ዋይፋዩ ላይ ቢገባ 400 ስልክ ነው። ሞደሞቹ ሁሉ ተደምረው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ቢያገኙ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠይቅ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 0.25 ሜጋቢት ነው። ለጽሑፍ መልእክት ይበቃል፤ ለቪዲዮ አይበቃም። በእርግጥ ሁሉም በአንድ ሰከንድ አይጠይቅም። ግን ያው ታወር በአካባቢው የሚኖረውን ሰው፣ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ባቡር፣ በራሳቸው ዳታ የሚጠቀሙትንም ተሳፋሪዎች ያስተናግዳል። ሁለት የሞሉ ባቡሮች አንድ ታወር ሥር ሲተላለፉ ያ ሁሉ ሺህ ስልክ በድንገት መጥቶ በደቂቃ ውስጥ ይሄዳል። እኩለ ቀን ላይ ባዶ ባቡር ተሳፍረው ዋይፋዩ ሲፈጥን ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የታወሮቹ አቀማመጥ ነው። ታወር የሚተከለው ሰው በሚኖርበትና መኪና በሚበዛበት ቦታ ነው። ሐዲድ የሚሄደው በሌላ በኩል ነው። ባቡር ዳገት ስለማይችል ኮረብታ ይቆረጥለታል፣ በሸለቆ ይጠማዘዛል፣ ተራራ ይበሳለታል። ኮረብታ ተቆርጦ በተሠራ መንገድ ላይ የባቡሩ ግራና ቀኝ የአፈር ግድግዳ ነው፤ ታወሩ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን እንኳ ሞገዱ ከላይ ያልፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይወርድም። የሞደሞቹን መዝገብ ስንከፍት ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሜዳ ላይ ከታወሩ የሚመጣው ኃይል በመለኪያችን -85 ላይ ይሆንና ባቡሩ ወደ ተቆረጠው ኮረብታ ሲገባ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ -115 ይደርሳል። መለኪያው ዴሲቤል ስለሆነ፣ ማለትም በየ10 ልዩነቱ ኃይሉ አሥር እጥፍ ስለሚለዋወጥ፣ የ30 ልዩነት ማለት የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ ሺኛ ወረደ ማለት ነው። በየቀኑ ያው አንድ ቦታ ላይ የሚቋረጥብዎ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በመስኮት ይመልከቱ፤ አፈር፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ያገኛሉ።

እዚህ ላይ ከጥያቄዎ ውስጥ ዋናዋን ነጥብ ላንሳ። ለምን ቀስ ብሎ ከመክፈት ይልቅ ጭራሽ አይከፍትም? ምክንያቱ ወረፋ ነው። ወደ ውጭ የሚወስደው መስመር ድንገት ሲጠብ የተሳፋሪው ዳታ ወዲያው አይጣልም፤ ራውተሩና ሞደሞቹ ውስጥ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሜዳ ላይ 50 ሚሊሰከንድ የነበረው የደርሶ መልስ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ይሆናል። አንድ ገጽ ደግሞ በአንድ ደርሶ መልስ አይከፈትም። ስልኩ መጀመሪያ የድረ ገጹን አድራሻ ይጠይቃል፤ ከዚያ ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት ይፈጥራል፤ ከዚያ በምስጠራው ላይ ይስማማሉ፤ ገጹን የሚጠይቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አራት ደርሶ መልስ በሦስት ሦስት ሰከንድ ሲሄድ የመጀመሪያዋ ፊደል ከመታየቷ በፊት 12 ሰከንድ አለፈ። ብዙ መተግበሪያዎች እስከዚያ ድረስ አይታገሱም፤ ተስፋ ቆርጠው «ኢንተርኔት የለም» ይላሉ።

ወረፋውን የሚሞላው ማነው? ፊልም የሚያየው ሰው ብቻ አይደለም። ስልኮች ዋይፋይ ሲያገኙ ቤት የገቡ ይመስላቸዋል። ትናንት የተነሱትን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ወደ ክላውድ መስቀል ይጀምራሉ፣ መተግበሪያዎችን ያዘምናሉ፣ ፖድካስት ያወርዳሉ። ባለቤቱ ስልኩን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ሊያንቀላፋ ይችላል። ከባቡሩ ወደ ታወሩ የሚሄደው አቅጣጫ ብዙውን ጊዜ ከሚመጣው በጣም የጠበበ ስለሆነ፣ ጥቂት ስልኮች ፎቶ ሲሰቅሉ የሌላው ሁሉ ጥያቄ ከኋላቸው ተሰልፎ ይቀራል። ይህን ማንም ተሳፋሪ ሊያስተካክለው ይችላል፣ ግን የሚነግረው የለም። አይፎን ላይ የባቡሩን ዋይፋይ ስም ተጭነው «ሎው ዳታ ሞድ» የሚለውን ያብሩ። አንድሮይድ ላይ በዚያው ኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ ኔትወርኩን «ሚተርድ» ብለው ያስመዝግቡ። ስልኩ ዳታ የሚከፈልበት መስመር ላይ ያለ ስለሚመስለው ከበስተጀርባ የሚያደርገውን አብዛኛውን ነገር ይተዋል። ላፕቶፕዎም ላይ ይህንኑ ያድርጉ፤ ዊንዶውስ በአንድ ማዘመኛ ብቻ የፉርጎውን ሁሉ ድርሻ ሊወስድ ይችላል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በባቡሩ ፍጥነት ላይ ያሳብባል። ፍጥነት የሚያስከትለው የሞገድ መዛባት፣ ዶፕለር የሚባለው፣ እውነት ነው፤ ግን ትንሽ ነው። በ2 ጊጋኸርዝ የሞገድ ድግግሞሽ ላይ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ባቡር ሞገዱን የሚያዛባው በ555 ኸርዝ ገደማ ነው። 4ጂ ዳታውን ከፋፍሎ የሚያስተላልፍባቸው ጠባብ መስመሮች ደግሞ በ15,000 ኸርዝ ይራራቃሉ። 4ጂ ሲነደፍ በሰዓት እስከ 350 ኪሎ ሜትር፣ 5ጂ ደግሞ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ታስቦለታል። ፍጥነት የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው፤ ከታወር ወደ ታወር መሸጋገርን ያበዛል። አንድ ታወር ሁለት ኪሎ ሜትር ሐዲድ ቢሸፍን፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በየደቂቃው ይቀይራል፤ በ300 ደግሞ በየ24 ሰከንዱ። ቀጣዩ ታወር ከሞላ ወይም ደካማ ከሆነ ሽግግሩ ይከሽፋል፤ ሞደሙም እንደገና ፍለጋ ይጀምራል። በርካታ ሞደሞች የሚገጠሙት ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲያጣ ሌላው ይይዛል። በደንብ የተሠራ ራውተር ሁሉንም ሞደሞች መሬት ላይ ካለ አንድ ሰርቨር ጋር ስለሚያገናኛቸው፣ ሞደም ሲቀያየር የእርስዎ አድራሻ አይቀየርም፤ የጀመሩትም ነገር አይቋረጥም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። የራስዎ ዳታ ይሻል እንደሆነ የሚወስኑት መስኮቱና የሚጠቀሙት የቴሌኮም ድርጅት ናቸው። ዘመናዊ ባቡር የብረት ሣጥን ነው። መስኮቱም ተራ መስታወት አይደለም፤ ሙቀት እንዳያስገባና እንዳያስወጣ በዓይን የማይታይ ስስ የብረት ሽፋን ተቀብቷል። ይህ ሽፋን የሞባይል ሞገድንም ይመልሳል፤ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ማለትም ከደረሰው ኃይል አንድ መቶኛውን ወይም አንድ ሺኛውን ብቻ ያሳልፋል። ጣሪያው ላይ ያለው አንቴና ይህን ግድግዳ አያውቀውም። በአዲስ ባቡር፣ በተለይ ከሰው ብዛት የተነሳ መተላለፊያው መሐል ቆመው ሲሄዱ፣ የባቡሩ ዋይፋይ ከራስዎ ዳታ ሊበልጥ የሚችለው ለዚህ ነው። ያረጀና መስኮቱ ተራ የሆነ ባቡር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በመንገዱ ላይ የሚጠቀሙበት ድርጅት ጥሩ የኔትወርክ ሽፋን ካለው የራስዎ መስመር ይሻላል፤ ቢያንስ ከ400 ሰው ጋር የራውተር ወረፋ አይጋሩም።

ለመወሰን ቀላሉ ዘዴ ዋይፋዩንና ዳታውን በተለያዩ ቀናት፣ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ የመንገድ ክፍል ላይ መሞከር ነው። የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ የሚሰጥዎትን ትልቁን የማውረጃ ቁጥር አይዩ፤ የደርሶ መልስ ጊዜውን ይዩ። ከ100 ሚሊሰከንድ በታች ሆኖ ከቆየ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ወደ ሰከንዶች የሚዘል ከሆነ የማውረጃው ቁጥር ምንም ቢያምር አይታመኑበት። አንድ ነገር ልለምንዎት፤ በሞላ ባቡር ውስጥ የራስዎን ሆትስፖት ካልቸገረዎት አይክፈቱ። በተለይ 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንድ ፉርጎ ውስጥ ሃያ ሆትስፖት ሲከፈት አየሩ ይጨናነቅና የባቡሩም ዋይፋይ የእርስዎም ሆትስፖት አብረው ይንቀራፈፋሉ። ላፕቶፑን በኬብል ከስልኩ ጋር ያገናኙት።

መስኮቱን በተመለከተ መፍትሔ ተገኝቶለታል። ሽፋኑ ላይ በሌዘር በጣም ቀጫጭን መስመሮች ሲጫሩ፣ ሙቀትን መከላከሉን ሳይተው የሞባይል ሞገድን ያሳልፋል። ባቡር ሠሪው ሲመንስ የራይን-ሩር ኤክስፕረስ ለተባለው የጀርመን የባቡር አገልግሎት በሠራቸው ባቡሮች ላይ እንዲህ ያሉ መስኮቶችን ገጥሟል። የስዊዘርላንድ ፌዴራል የባቡር ድርጅትም ለረጅም ጊዜ በአገር ውስጥ ባቡሮቹ ዋይፋይ ከመዘርጋት ይልቅ ፉርጎዎቹ ላይ የሞባይል ሲግናል ማጉያ መግጠምን መርጧል። በየቀኑ ለሚመላለስ ተሳፋሪ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውየው ስልክና ዳታ አለው፤ የጎደለው ሞገዱ ወደ ፉርጎው መግባቱ ነው። ሕንድ ውስጥ ጉግል ከባቡር ድርጅቱ የቴሌኮም ኩባንያ ከሬልቴል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 በባቡር ጣቢያዎች ነፃ ዋይፋይ ማዳረስ ጀምሮ በ2018 400 ጣቢያዎች ደርሶ ነበር፤ በ2020 ግን የሞባይል ዳታ ስለረከሰ አያስፈልግም ብሎ ፕሮግራሙን ማቋረጡን አስታወቀ። ባቡር ውስጥ ግን ዳታ መርከሱ ብቻውን አይበቃም፤ የኔትወርኩ ሽፋን አብሮ መምጣት አለበት።

ዋሻና ከመሬት በታች ያለ መንገድ ለብቻው የሚታይ ነው። ከውጭ ያለ ታወር እዚያ ስለማይደርስ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ያለው ኬብል ይዘረጋል፤ ሞገዱ በኬብሉ ርዝመት ሁሉ በጥቂቱ እየወጣ ለባቡሩ ይደርሳል። ጃፓኖች ቶካይዶ ሺንካንሰን በተባለው የፈጣን ባቡር መስመር ላይ ይህን ኬብል በሐዲዱ ዳር ሙሉውን ዘርግተውት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተሳፋሪ ኢንተርኔት የጀመሩት በሱ ነው፤ የሚሰጠው ለባቡሩ በሙሉ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ገደማ ነበር። ለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ላይ በ2012 ዋይፋይ ገባ፤ በዋሻዎቹ ውስጥ ግን 4ጂ መሥራት የጀመረው በ2020 ነው፣ ያውም በአንድ መስመር ከፊል ክፍል ላይ። በመሐሉ የነበሩት ዓመታት ተሳፋሪው ጣቢያ ላይ መልእክት እየተቀበለ ዋሻ ውስጥ እየጠበቀ ያለፈባቸው ናቸው። የእርስዎ መስመር አሁንም እንዲህ ከሆነ፣ ጽሑፎችንና ካርታን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ማውረድ የሚያዋጣ ልማድ ነው።

ሳተላይትስ? አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፓሪስን ከብራስልስ ያገናኝ የነበረው ታሊስ የተባለው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2008 በሳተላይት የታገዘ ዋይፋይ ነበረው። ያኔ የነበሩት ሳተላይቶች 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆኑ ለደርሶ መልሱ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይሄዳል። የአሁኖቹ ከ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሚሠሩ መዘግየቱ በጣም ቀንሷል፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ብራይትላይን የተባለው የባቡር ድርጅት በ2023 ስታርሊንክ የተባለውን የሳተላይት ኢንተርኔት ባቡሮቹ ላይ መጠቀም ጀምሯል። ሰማዩ ክፍት በሆነበትና ታወር በሌለበት ረጅም ሜዳ ላይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሳተላይት ግን በዋሻ፣ በድልድይ ሥርና በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል አያይም፤ በየቀኑ ወደ ከተማ የሚገባው ሰው መንገድ ደግሞ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው።

ስለዚህ ለባቡር ድርጅቱ አስተያየት የመስጠት ዕድል ካገኙ «ዋይፋዩን አሻሽሉ» አይበሉ። ያን ሲሰሙ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ማሠራጫ በአዲስ ይቀይሩና ምንም ሳይለወጥ ይቀራል። «በዚህና በዚያ ጣቢያ መካከል ይቋረጣል» ብለው ቦታውን ይጥቀሱ፤ ራውተሩ የእያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ኃይልና መዘግየት ስለሚመዘግብ ወዲያው ማረጋገጥ ይችላሉ። ክፍተቱ የሚደፈነው ሐዲዱ ዳር ታወር በመትከል ነው፤ መሬቱ፣ መብራቱና ፋይበሩ ብዙውን ጊዜ በባቡር ድርጅቱ እጅ ስለሆነ ከቴሌኮሞቹ ጋር መስማማት ከፈለገ ትልቁ ወጪ ይቀንሳል። በተረፈ ራውተሩ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ እኩል ተራ እንዲሰጥ ማስተካከል ሶፍትዌር እንጂ ብረት አይጠይቅም። ይህ ብቻውን የእርስዎን «ጭራሽ አይከፍትም» ወደ «ቀስ ብሎ ይከፍታል» ይለውጠዋል።

ስለ መግቢያ ገጹም አንድ ነገር ልበል፤ «አይሠራም» ከሚባለው ውስጥ ጥቂት የማይባለው እዚህ ላይ ነው የሚቀረው። ዋይፋዩ ላይ ሲገቡ ስልክዎ አንድ የታወቀ ገጽ ለመክፈት ይሞክራል፤ ራውተሩ ያን ጠልፎ ወደ መግቢያ ገጹ ይመራዋል። የተመሰጠረ ገጽ ግን ሊጠለፍ አይችልም፤ ቪፒኤን (የስልኩን ዳታ ሁሉ መስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ መተግበሪያ) ከበራም መንገዱ ይዘጋል። መግቢያ ገጹ ካልመጣልዎት ቪፒኤኑን ለጊዜው ያጥፉ፣ ዋይፋዩን ዘግተው ይክፈቱ፣ ከገቡ በኋላ ቪፒኤኑን ይመልሱት። በየቀኑ እንደ አዲስ የሚያስገባዎት ከሆነ ደግሞ ስልክዎ ለግላዊነት ሲል መለያ ቁጥሩን እየቀያየረ ስለሆነ፣ ለዚያ ኔትወርክ ቁጥሩ እንዳይቀያየር ማድረግ ይችላሉ።

ደኅንነቱን በአጭሩ ልጥቀሰው። ዛሬ ገጾችና መተግበሪያዎች ራሳቸው ስለሚመሰጥሩ ጎን የተቀመጠ ሰው የባንክዎን መረጃ ያነብባል የሚለው ስጋት ከበፊቱ ቀንሷል። ጠንቀቅ የሚባለው ከመግቢያ ገጹ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 እንግሊዝ ውስጥ የ19 ትልልቅ ጣቢያዎች ዋይፋይ መግቢያ ገጽ በሌላ ይዘት ተተክቶ ተገኝቷል። መግቢያ ገጽ ላይ ሌላ ቦታ የሚጠቀሙበትን የይለፍ ቃል በፍጹም አያስገቡ።

የቪዲዮ ስብሰባው ይቀረናል። ሰው መስማት ብቻ ከሆነ ይቻላል፤ ድምፅ በሰከንድ ከ100 ኪሎቢት በታች ይበቃዋል፣ የአንድ ሁለት ሰከንድ መቆራረጥም ይታለፋል። ካሜራ ከፍቶ መናገር ግን በሥራ ሰዓት በሞላ ባቡር አልመክርም፤ የሚልኩት ቪዲዮ የሚወጣው በዚያችው ጠባቧ አቅጣጫ ነው፤ መዘግየቱም በየሽግግሩ ይዘልላል። ግዴታ ከሆነብዎ የራስዎን ዳታ ይዘው መስኮት ዳር ይቀመጡ፣ ካሜራውን ዘግተው የሌሎቹንም ቪዲዮ ያጥፉ፣ የስብሰባ መተግበሪያው የስልክ ቁጥር ከሰጠ በተራ ጥሪ ይግቡ። እርስዎ የሚናገሩበት ተራ ደግሞ ባቡሩ ጣቢያ ላይ ሲቆም ወይም ከተማ ውስጥ ሲገባ እንዲሆን አስቀድመው ሰብሳቢውን ያስፈቅዱ፤ የመንገዱን መጥፎ ክፍሎች አሁን በስም ያውቋቸዋልና።